ቀኑ ያለፈበት ይግባኝና የፈቃድ ጥያቄው

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ይግባኝ የሚለው ቃል ከመነሻው ልመና ነው፤ ጉዳዬ ወደ በላይ ዳኛ ይግባልኝ ማለት ነው። የቀድሞ ባለጉዳይ በአንድ ዳኛ ፊት ተሟግቶ የተረታ እንደ ሆነና ፍርዱ ያላረካው እንደ ሆነ ይህንኑ ቃል በአፉ ይናገር ነበር፤ ነገሩም ከዳኛ ወደ ዳኛ እየተላለፈ በመጨረሻ በዙፋን ችሎት ፊት እስኪቆም ድረስ ሊጓዝ ይችል ነበር። ለዚህ ጉዞ ስንቅና ትዕግሥት ያለው ሰው ዓመታትን ቢያሳልፍበትም የሚያስደንቅ አልነበረም። «የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚለውን ተረት በልቡ የያዘ ሰው መቆየቱን እንደ ብልኀት ይቆጥረው ነበር።

ዛሬ ይህ ተረት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በር ላይ አይሠራም። ይግባኝ ቀን የተቆረጠለት መብት ነው። ቀኑ ሳያልፍ የመጣ ባለጉዳይ መብቱን ይዞ ይገባል፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የመጣ ግን መብቱ ከእጁ ወጥቶ ፈቃድ ለማኝ ይሆናል። በዚህ ንግግር ልናስረዳችሁ የተነሣነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ሰው ነው። ቀኑ ያለፈበት ባለጉዳይ ለበላይ ፍርድ ቤት የሚያቀርበው ጽሑፍ «የይግባኝ ማስፈቀጃ» ይባላል፤ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶታል፤ ምን መያዝ እንደሚገባው ግን አስተውሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። በዚህም ምክንያት ርስቱን፣ ቤቱን ወይም የብዙ ዘመን ቁጠባውን ያጣ ሰው አለ፤ ያጣውም በፍሬ ነገሩ ተረትቶ ሳይሆን ስለ መዘግየቱ አሳማኝ ቃል ሳያቀርብ በመቅረቱ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እስከ ዛሬ ድረስ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው። ይኸው ሕግ በቁጥር 320 በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የመጨረሻ ፍርድ የተሰጠበት ተከራካሪ ይግባኝ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። የመጨረሻ ፍርድ ማለቱን ልብ በሉ። በክርክሩ መካከል ቀጠሮ ስለ መስጠት፣ ማስረጃ ስለ መቀበል ወይም ስለ አለመቀበል፣ ስለ መጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ በተሰጠ ትእዛዝ ላይ ወዲያው ይግባኝ ማለት አይቻልም፤ ባለጉዳዩ ቅሬታውን ይዞ ቆይቶ የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ ከይግባኙ ጋር አብሮ ያነሣዋል። ከዚህ ውጭ የሆኑ ጥቂት ትእዛዞች አሉ፤ ሰውን በእስራት የሚያስይዝ ወይም ንብረትን ከአንዱ ተከራካሪ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ከነዚህ ይቆጠራል።

ጊዜውን የሚወስነው ቁጥር 323 ነው፤ የይግባኙ ማመልከቻ ከፍርዱ ግልባጭ ጋር ሆኖ ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መግባት አለበት። ስልሳ ቀን ይላል እንጂ ሁለት ወር አይልም። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለ ሆኑ ልዩነት የሌለ ይመስላል፤ በጥር 12 ቀን የተሰጠ ፍርድ ስልሳኛው ቀን መጋቢት 12 ላይ ይውላል። ነገር ግን ጳጉሜን በመካከል የገባች እንደ ሆነ ሁለት ወር ብሎ የሚቆጥር ሰው አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማለቂያ ደግሞ ስድስት ቀን ይሳሳታል። ያ ወራት የፍርድ ቤቶች የክረምት ዕረፍት የሚሆንበት ስለ ሆነ ባለጉዳዩ ለመስከረም ማለቂያ ሳይተኛ አስቀድሞ ወደ መዝገብ ቤቱ ሄዶ ቀኑን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ደግሞም ስልሳው ቀን የማይሠራባቸው ጉዳዮች አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የይግባኙ ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች የዲሲፕሊንና የአስተዳደር ጉዳይም በራሱ አዋጅ የሚመራና በራሱ ጊዜ የሚቆጠር ነው። ስለ መሥሪያ ቤቱ ቅጣት የሚከራከር ሠራተኛ ስለ ቤት ክርክር በተጻፈ ቀን ላይ እምነቱን መጣል አይገባውም።

አሁን ነገሩ እንዲገባን አንድ ባለጉዳይ በሐሳባችን እናቁም። ይህ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሹም ነው እንበል። አባቱ ሞተው በአዲስ አበባ ያለች አንዲት ቤት ቀርታለች፤ እርሱ በውስጧ ይኖራል። ታላቅ እኅቱ ድርሻዬን ስጠኝ ብላ ከሰሰችው። እርሱ ደግሞ አባቴ በሕይወት ሳሉ ለእኔ ሰጥተውኛል ብሎ ተከራከረ። ጥር 12 ቀን ፍርድ ቤቱ ቤቱ ተሸጦ ገንዘቡ ለሁለት ይከፈል ብሎ ፈረደ። ሰውየው ፍርዱ ሲነበብ በችሎት ቆሞ ሰምቷል።

ጥር 20 ቀን የፍርዱ ግልባጭ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ የካቲት 15 ቀን ተሰጠው። ግልባጩን ይዞ ነገር አዋቂ ፍለጋ ሲመላለስ የካቲት 25 ቀን በጽኑ ታመመና ሆስፒታል ገብቶ ተኛ፤ የወጣውም መጋቢት 20 ቀን ነው። ስልሳኛው ቀን እርሱ በአልጋ ላይ ሳለ አልፏል። መጋቢት 24 ቀን የይግባኙን ማመልከቻ ይዞ ወደ በላይ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ቀረበ። ሬጅስትራሩ ወረቀቱን ተመልክቶ፣ ቀኑን ቆጥሮ፣ «ጌታዬ፤ ቀኑ አልፏል፤ ልቀበልዎ አልችልም» አለው።

በዚህ ቦታ ላይ ስንት ሰው ወደ ቤቱ እንደሚመለስ የሚያውቁ በመዝገብ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የተቆጣ አለ፤ ሬጅስትራሩን ጉቦ ፈልጎ ነው ብሎ የሚያማ አለ፤ ተስፋ ቆርጦ «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» የሚል አለ። ሬጅስትራሩ ግን ያደረገው ሕጉ ያዘዘውን ነው። ቁጥር 324 ጊዜው ያለፈበትን ይግባኝ እንዳይቀበል ያዘዋል፤ በዚያው ላይ ባለጉዳዩ በ10 ቀን ውስጥ የይግባኝ ማስፈቀጃ አቤቱታ ለማቅረብ እንደሚችል እንዲነግረው ያዘዋል። ስለዚህ «ልቀበልዎ አልችልም» የሚለው ቃል የነገሩ መጨረሻ አይደለም፤ የሁለተኛ ቀጠሮ መጀመሪያ ነው። ሒሳብ ሹማችን መጋቢት 24 ቀን ተመልሷልና አሥሩ ቀን ሚያዝያ 4 ላይ ያልቃል። በተቆጣበትና በተከዘበት ሰሞን ይህችም ትንሽ ጊዜ ካለፈችው ስለ መዘግየቱ ሁለት ጊዜ ተጠያቂ ይሆናል።

እንግዲህ ቤቱ ገብቶ አቤቱታ መጻፍ ጀመረ እንበል። ስምንት ገጽ ጻፈ። አባቱ እንዴት እንደ ወደዱት፣ በስተርጅና ማን እንደ ጦራቸው፣ እኅቱ በቀብሩ ዕለት ምን እንደ ተናገረች፣ የሥር ፍርድ ቤት ሦስት ምስክሮቹን እንዴት እንደ ናቀበት ዘርዝሮ ጻፈ። በስምንተኛው ገጽ ግርጌ «በሕመም ምክንያት ቀኑ ስላለፈብኝ ይፈቀድልኝ» የሚል አንድ መስመር ጨመረ።

ይህ አቤቱታ ለሌላ ጊዜ የሚሆን አቤቱታ ነው። ማስፈቀጃውን የሚመረምሩት ዳኞች በዚያ ቀን ቤቱ የማን እንደ ሆነ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህ ሰው በጊዜው እንዳይመጣ የከለከለው በቂ ምክንያት ምንድን ነው? ሰባት ገጽ ተኩል የበደል ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም። አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከምንነግራችሁ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ማስፈቀጃ ስለ ፍርዱ መጥፎነት የሚጻፍ አይደለም፤ ስለ ቀኖቹ የሚጻፍ ነው።

እንዲያውም የሒሳብ ሹምን ሙያ ይመስላል። ከፍርዱ ቀን ጀምሮ ማመልከቻው እስከ ቀረበበት ቀን ድረስ ያለውን ጊዜ እንደ ገቢና ወጪ መዝገብ ሰንጥቆ እያንዳንዱ ቀን የት እንደ ዋለ ማስረዳት ነው። ጥር 12 ቀን ፍርዱ ተሰጠ። ጥር 20 ቀን ግልባጭ ተጠየቀ፤ ለዚህ የመጠየቂያው ማመልከቻ ማኅተምና ቀን ያረፈበት ቅጅ ይያያዛል። የካቲት 15 ቀን ግልባጩ ተሰጠ፤ ለዚህም በግልባጩ ላይ የተጻፈው ቀን ይታያል። የካቲት 25 ቀን ሆስፒታል ገባ፣ መጋቢት 20 ቀን ወጣ፤ የመግቢያውና የመውጫው ወረቀት ይያያዛል።

ዳኞቹ ይህን መዝገብ ሲመረምሩ ክፍት የሆኑትን ቦታዎች ያያሉ። ከየካቲት 15 እስከ 25 አሥር ቀን አለ፤ በዚያ ጊዜ ጤነኛ አልነበርክምን? ከመጋቢት 20 እስከ 24 አራት ቀን አለ፤ ያን ጊዜ ምን ስትሠራ ነበር? የመጀመሪያው ጥያቄ የሚከብድ አይደለም፤ ስልሳው ቀን ገና አላለቀም ነበርና የተፈቀደለትን ጊዜ እስከ መጨረሻው ሊጠቀምበት መብቱ ነበረ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ብርቱ ነው። ምክንያቱ ካበቃ በኋላ ባለጉዳዩ ሳይውል ሳያድር መነሣት ይጠበቅበታል። አራት ቀን ለማመልከቻ መጻፊያና ለግልባጭ ማባዣ ነው ቢባል የሚያሳምን ይሆናል፤ አርባ ቀን ቢሆን ኖሮ የሆስፒታሉ ወረቀት ብቻውን አያድነውም ነበር።

በቂ ምክንያት የሚባለው ምን ምን እንደ ሆነ ሕጉ ቈጥሮ አላስቀመጠም፤ ለዳኞቹ ሚዛን ትቶታል። ይህ መተው መልካም ነው ብለን እናስባለን፤ የሰው መከራ በዝርዝር አያልቅምና። ይሁን እንጂ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ መገመት አያዳግትም። ሰውን በአልጋ የሚያውል ጽኑ ሕመም፣ በእስር ላይ መሆን፣ መንገድ የሚዘጋ የተፈጥሮ አደጋ ወይም ሁከት፣ የፍርዱ ግልባጭ ተጠይቆ በፍርድ ቤቱ በኩል መዘግየቱ፣ እነዚህ ከባለጉዳዩ ፈቃድ ውጭ የሆኑ ነገሮች ናቸው። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፣ ሕጉን አላወቅሁም ነበር፣ ሽማግሎች ያስታርቁናል ብዬ ስጠብቅ ነበር የሚሉት ግን ከራሱ የሚመነጩ ናቸው።

ስለ ሽማግሎች የተናገርነው ጥቂት ማብራሪያ ይገባዋል፤ በአገራችን ብዙ ሰው የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነውና። ፍርድ ከተሰጠ በኋላ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «እኅትና ወንድም በፍርድ ቤት ምን ያደርጋል» ብሎ ዕርቅ መጀመሩ የተቀደሰ ልማድ ነው። ነገር ግን ዕርቁ በሚጓተትበት ጊዜ የይግባኙ ቀን አይቆምም። ይግባኙን በጊዜው አስገብቶ ዕርቁንም መከታተል ይቻላል፤ ዕርቁ ሲሰምር ይግባኙን መተው ቀላል ነው። ዕርቁ ሲፈርስ ያለፈውን ቀን መመለስ ግን አስቸጋሪ ነው።

ገንዘብ አጥቼ ነበር የሚል ምክንያትም በብዙ አቤቱታ ላይ ይገኛል። ለዳኝነት የሚከፈለው ገንዘብ በእርግጥ ከደመወዝተኛ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሕጉ ለዚህ ሌላ በር አዘጋጅቷል፤ ድኽነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከራከር የሚፈቀድለት ሥርዓት በቁጥር 467 እና ከዚያ በሚከተሉት ቁጥሮች ተጽፏል። በዚያ በር መግባት ሲችል በቤቱ የተቀመጠ ሰው «ገንዘብ አልነበረኝም» ቢል ዳኛው ለምን በዚያ አልመጣህም ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን የጠበቃ ነገር ነው። ቁጥር 326 የባለጉዳዩ ጠበቃ፣ ነገረ ፈጅ ወይም ወኪል ጉድለት በቂ ምክንያት ሆኖ እንደማይቆጠር ይናገራል። ሰውየው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ውክልናውን ሰጥቶ፣ «ይግባኙን አስገብቻለሁ» ተብሎ እየተነገረው በሰላም ተኝቶ ከርሞ፣ በመጨረሻ አንድም ወረቀት አለመግባቱን ቢደርስበት፣ ይህ ጥፋት የእርሱ ጥፋት ተደርጎ ይወሰዳል። ጨካኝ ሕግ ነው የሚል ይኖራል። እኛም ስንሰማው ይከብደናል። ነገር ግን ሕጉ ተቃራኒውን ቢል ኖሮ ቀኑ ያለፈበት ሁሉ ጠበቃውን እየወነጀለ ይመጣ ነበር፤ ያለፈ ቀን የሚባልም ነገር ባልኖረ ነበር። የተጎዳው ባለጉዳይ በጠበቃው ላይ የጉዳት ካሣ መጠየቅ ይችል ይሆናል፤ የተሸጠው ቤት ግን በዚያ አይመለስለትም። ስለዚህ ጠበቃ የያዘ ሰው ይግባኙ መግባቱን ከመዝገብ ቤቱ የመዝገብ ቁጥር በማስመጣት ያረጋግጥ። ጠበቃው ቢቀየም እንኳ ቅያሜው ያልፋል።

ለሒሳብ ሹማችን ይህ ነጥብ ሌላ መዘዝ ያመጣበታል። በሥር ፍርድ ቤት የተከራከረለት ጠበቃ ቢኖር፣ ዳኞቹ «አንተ ብትታመም ጠበቃህ ደኅና ነበር፤ ለምን አላስገባልህም?» ማለታቸው የማይቀር ነው። የጠበቃው ውል ፍርድ በተሰጠ ጊዜ ያበቃ እንደ ሆነ ይህን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት፤ የውክልናው ሥልጣን ይግባኝንም የሚጨምር እንደ ሆነ ግን ሕመሙ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ አቤቱታውን ሲጽፍ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ቀድሞ መመለስ ይጠቅመዋል።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ስለ ዘገየው ሰው ነው። በሌላው ወገን ግን የቆመች ሰው አለች። እኅቱ ፍርድ አግኝታለች። ስልሳው ቀን እስኪያልፍ ጠብቃለች፤ ካለፈ በኋላ ነገሩ አለቀ ብላ ከአንድ ገዢ ጋር ተነጋግራ፣ ምናልባትም የልጆቿን የትምህርት ቤት ክፍያ በዚያ ተስፋ ላይ ጥላ ይሆናል። እርሷንም የምትጠብቃት ያችው የቀን ገደብ ናት። የተረታ ሰው በፈለገ ጊዜ ሁሉ ተመልሶ ቢመጣ የረታ ሰው መቼም አያርፍም፤ ቤቱን የሚገዛ፣ የሚያድስ፣ በመያዣነት ተቀብሎ የሚያበድር አይገኝም። ዳኞች በማስፈቀጃ ላይ ጥብቅ ሲሆኑ የምናማርር ሰዎች ይህችን በችሎቱ ውስጥ ያልቆመች እኅት ማሰብ ይገባናል።

በውጭ አገር ስላለው ሥርዓት የሰሙ አንዳንድ አንባብያን በእኛም አገር ማንም ይግባኝ ባይ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት ይመስላቸዋል። በእንግሊዝ አገር በአብዛኛው እንደዚያ ነው፤ ይግባኝ ባዩ ይግባኙ እውነተኛ የመርታት ተስፋ እንዳለው ወይም ሌላ አስገዳጅ ምክንያት መኖሩን አሳይቶ ፈቃድ ይቀበላል። በእኛ ሕግ በጊዜው ለመጣ ሰው እንዲህ ያለ ማስፈቀጃ የለበትም። ግን መግቢያው ፈጽሞ ወለል ያለ ነው ማለት አይደለም። በቁጥር 337 መሠረት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይግባኝ ባዩን ከሰማ በኋላ በሥር ፍርድ ቤት ፍርድ የተስማማ እንደ ሆነ መልስ ሰጭውን ሳይጠራ ይግባኙን ሊሰርዘው ይችላል። በፍርድ ቤት ግቢ «ያስቀርባል» ወይም «አያስቀርብም» ተባለ ሲባል የምትሰሙት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሒሳብ ሹማችን የማስፈቀጃው ጥያቄ ቢሳካለት ቤቱን አገኘ ማለት አይደለም። ቀኑ እንዳላለፈበት ሰው ተቆጠረ ማለት ብቻ ነው። ስምንት ገጹ የሚፈለገው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም አጥሮ፣ የሥር ፍርድ ቤት የተሳሳተበትን ነጥብ በየተራ እያመለከተ። በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሣ አዲስ የፍሬ ነገር ክርክር በይግባኝ ላይ ማንሣት እንደማይቻልም ማወቅ አለበት።

በዚህ ሁሉ መካከል የፍርዱ አፈጻጸም እየሄደ ሊሆን ይችላል። ይግባኝ መጠየቅ በራሱ ፍርድን አያግድም። ማገጃ የሚፈልግ ሰው ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለብቻው ማመልከት አለበት፤ ፍርዱ ቢፈጸም ብርቱ ጉዳት እንደሚደርስበት፣ ሳይዘገይም እንደ ጠየቀ ያስረዳል፤ ለፍርዱ አፈጻጸምም ዋስትና ይሰጣል። ቤቱ በሐራጅ ከተሸጠ በኋላ የሚገኝ የይግባኝ ድል በገዢው እጅ የገባን ቤት መልሶ ለመያዝ ሌላ ረጅም ክርክር ያስከትላል።

የበላዩ ፍርድ ቤት ደግሞ ፍርዱን ያጸናበት እንደ ሆነ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ያበቃል። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በይግባኝ የመጣ ጉዳይ እንደገና ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ የሚሄደው ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሥሩን ፍርድ የሻረው ወይም ያሻሻለው እንደ ሆነ ነው። ሁለት ፍርድ ቤቶች በአንድ ቃል ከተናገሩ የቀረው በር የሰበር ችሎት ነው።

ሰበርን ሦስተኛ ይግባኝ አድርጎ የሚመለከት ሰው ብዙ ነው፤ ስሕተት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 80 ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው የሰበር ሥልጣን መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለባቸውን የመጨረሻ ፍርዶች የማረም ሥልጣን ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ምን ዓይነት ስሕተት በዚህ ስም እንደሚጠራ ዘርዝሯል፤ ሕግን ያለ አግባብ መተርጐም ወይም ለጉዳዩ የማይገባውን ሕግ መጥቀስ፣ ለክርክሩ አግባብ ያለውን ጭብጥ አለመያዝ፣ የሰበር ችሎቱ ቀድሞ ከሰጠው አስገዳጅ ትርጓሜ መውጣት ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ምስክሮቼ ሊታመኑ ይገባ ነበር የሚል አቤቱታ በዚህ ውስጥ አይገኝም።

የሰበር አቤቱታ ጊዜ 90 ቀን ነው። አቤቱታውን በመጀመሪያ ሦስት ዳኞች ያጣሩታል፤ የሕግ ስሕተት ያለበት መስሎ ከታያቸው ቢያንስ አምስት ዳኞች ወደሚሰየሙበት ችሎት ይመሩታል፤ ካልታያቸው እዚያው ይቀራል። እንግዲህ በተግባር ፈቃድ መጠየቅ የሚባለው ነገር በእኛ አገር ጎልቶ የሚታየው በሁለት ቦታ ነው፤ ቀን ባለፈበት ይግባኝና በሰበር አጣሪ ፊት። በመጀመሪያው ስለ ቀን ይጠየቃል፤ በሁለተኛው ስለ ሕግ ይጠየቃል። በሁለቱም ቦታ ስለ እኅቱ ክፋት የሚጠይቅ የለም።

አንድ ሌላ የሚያሳስት ጉዳይ ሳናነሣ ማለፍ አንፈልግም። መጥሪያ ሳይደርሰው በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ሲሰማ ደንግጦ ወደ ይግባኝ ይሮጣል፤ ስልሳው ቀን አልፎ ያገኘዋልና ማስፈቀጃ ይጽፋል። የዚህ ሰው ትክክለኛ መንገድ ግን ቁጥር 78 ነው። ፍርዱ መሰጠቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ መጥሪያው በደንብ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንዳልቀረበ አስረድቶ፣ በሌለሁበት የተሰጠው ፍርድ ተነሥቶ ልከራከር ይላል። ወደ በላይ በሮጠበት ጊዜ ይህች አንድ ወር ብታልፍበት ሁለቱንም በር ያጣል። ለክፍለ ሀገር ሥራ የሚላኩና ቤታቸውን ዘግተው የሚሄዱ ሠራተኞች ይህን ቁጥር በተለይ ቢያስታውሱት ይጠቅማቸዋል።

ወደ ሒሳብ ሹማችን እንመለስ። ስምንት ገጹን አስቀምጦ ሁለት ገጽ ጻፈ እንበል። በመጀመሪያው ገጽ ቀኖቹን በቅደም ተከተል አሰፈረ፤ በሁለተኛው ገጽ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ስላለፉት አራት ቀኖችና ጠበቃ ስላለመያዙ አስረዳ። የግልባጭ መጠየቂያውን፣ ግልባጩን፣ የሆስፒታሉን ሁለት ወረቀቶች፣ ሬጅስትራሩ የመለሰበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ አያያዘ። የእያንዳንዱን ወረቀት ቅጅ ለራሱ አስቀረ። ሚያዝያ 1 ቀን፣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ወደ መዝገብ ቤቱ ተመልሶ ለዚያው ሬጅስትራር ሰጠው። ሬጅስትራሩም ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ዳኞቹ የሚመለከቱበትን ቀጠሮ በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ በእጁ አስያዘው።